ስሟን ያልጠሩት እንግዳ

ፈለቀ በሕይወቱ በብዙ ነገር ቀንቷል። በባልንጀራው አዲስ ጎማ ቀንቷል፣ በጎረቤቱ በማያፈስ ጣሪያ ቀንቷል፣ አንድ ጊዜም በገዛ ወንድሙ ጥርስ ቀንቷል። ከሰማይ በወረደ፣ ሦስት እግር ባለው፣ ወንድ ይሁን ሴት በማይታወቅ ፍጡር እቀናለሁ ብሎ ግን በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ቀና። እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ክፉኛ የቀናበት ጊዜ የለም።

እንግዶቹ የመጡት በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ገራ ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ወረደ ተባለ። መንግሥት መጀመሪያ የኢምፔሪያሊስቶች መሣሪያ ነው ብሎ ጦር አሰለፈ፤ ከውስጡ የወጡት ግን መሣሪያ ቀርቶ ልብስም አልነበራቸውም። ሰንበትበት ሲል ራዲዮኑ «የጠፈር ጓዶች» የሚል ስም ሰጣቸውና ትርፍ ክፍል ያለው ሰው እየተፈለገ በየቡና ከተማው ተከፋፈሉ። ለአጋሮ ደረሱ፣ ለሊሙ ደረሱ፣ ለሰቃ ደረሱ። ጅማ ውስጥ ከመንደራ ቆጪ ወረድ ብሎ የሚኖረው ሾፌሩ ፈለቀ ግቢው ውስጥ ባዶ ሰርቪስ ቤት ስለነበረችው፣ ለእሱም አንድ እንግዳ ደረሱት።

አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት እንግዳ አልተዘጋጀም። አንተ እንዳይሏቸው ወንድነታቸው አልታወቀም፤ አንቺ እንዳይሏቸው ሴትነታቸውም እንዲሁ። ተጠይቀዋል፤ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ጋሼ፣ እትዬ፣ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሁሉም ጾታ ይፈልጋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ለወንዱም ለሴቱም በሚሆነው «አቲ» ሲገላገል፣ አማርኛ ተናጋሪው ተጨንቆ ተጨንቆ «እርስዎ» ላይ አረፈ። ከአብዮቱ በረከቶች አንዱ ደግሞ «ጓድ» የሚለው ቃል ጾታ አለመምረጡ ነው። የራሳቸው ስም በር ሦስት ጊዜ እንደ ማንኳኳት ያለ ድምፅ ስለሆነ ማንም ሊለው አልቻለም፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቲጃኒ «ኬሱማ» አላቸው፣ በኦሮምኛ እንግዳ ማለት ነው፣ ጓድ ኬሱማ ሆነውም ቀሩ። ሰው ለእሳቸው የሚለው እርስዎ ብቻ ስለሆነ እሳቸውም ለሁሉ እርስዎ ይላሉ፤ ለሕፃን እርስዎ፣ ለዘበኛ እርስዎ፣ ለድመት ሳይቀር እርስዎ።

ቁመታቸው ከቡና ተክል አይበልጥም። ቆዳቸው ዝናብ እንደመታው ግንድ ጥቁርና ርጥብ ነው። ፊታቸው ላይ ዓይን እንጂ አፍ የለም፤ ድምፃቸው ከደረታቸው ነው የሚወጣው። ውሃ የሚጠጡት በመዳፋቸው ነው፤ እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ይከታሉ፣ ጣሳው ይጎድላል። በሦስት እግር የቆመ ሰው መቀመጥ አያምረውምና ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ እየጠረበ ለሚሸጥ ከተማ ይህ መቼም ታይቶ የሚታለፍ አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላ «በርጩማ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ኬሱማ ቃሉን የተማሩ ዕለት አንድ በርጩማ አጠገብ ቆመው እግራቸውን ከእግሩ እያስተያዩ «እውነት ነው» አሉ።

እውነት ነው ማለት ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። እነሱ ዘንድ ያልሆነ ነገር መናገር አይቻልም። ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ጭራሽ አይቻልም። ያልሆነውን ሊሉ ሲሞክሩ ደረታቸው ላይ ያለው የድምፅ መውጫ ጥርቅም ይላል፣ ያለ ድምፅም ይቆማሉ። ይህ ጠባያቸው የታወቀው በሰው ስም የተነሳ ነው።

ገበየሁ የሚባል ባለ ሱቅ አለ። ስሙን ነግሯቸው ሊደግሙት ሲሉ ደረታቸው ተዘጋ፤ ሲከፈት «እኔ አልገበየሁም» አሉት። ለካ ሰው ስም ሲነግራቸው እሳቸው የሚሰሙት ወሬ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ወርደው አንድ ሎሚ ይገዙና ሱቁ ደጃፍ ቆመው በሙሉ ድምፅ «ገበየሁ» ይሉታል፤ በሌላው ቀን ግን እጅ ነስተው ያልፋሉ። ቦሳ አዲስ የምትኖረው ሸዋረገጥ ጅማ ተወልዳ ጅማ ያደገች፣ ሸዋን በዓይኗ ያላየች ሴት ናት። እህቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደው ጠብቀው ስሟን ጠሯት፤ ሴትዮዋ አለቀሰች ይባላል። የሙስሊሞቹ ስም ዐረብኛ ስለሆነ፣ እሳቸውም ዐረብኛ ስላልተማሩ፣ ቲጃኒን ያለ ጭንቀት ቲጃኒ ይሉታል። ቲጃኒ ይህን እንደ ትልቅ ድል ቆጥሮ ክርስቲያን ጎረቤቶቹን ሲያበሽቅ ከረመ። ፈለቀን ደግሞ «ምንድን ነው የፈለቀው?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ነው ያወጣው፣ የፈለቀ ነገር አይቼ አላውቅም አላቸው። ስለዚህ ጓድ ሾፌር ሆነ።

የቀረችው የኔነሽ ናት።

የኔነሽ የፈለቀ ሚስት ናት። ቀበሌው ውስጥ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች፣ ኬሱማን አማርኛ የማስተማሩ ሥራም ለእሷ ተሰጠ። ከሰዓት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ዘይቱን ዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳዋን አስደግፋ ፊደል ታስቆጥራቸዋለች። ስሟን የነገረቻቸው ዕለት ደረታቸው ጥርቅም አለ። የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈለቀም ሳቀ፤ እንዲያውም ደስ አለው። ደግ ነው፣ የእኔ እንጂ የሳቸው አይደለችም አለ በልቡ። እሳቸው «አስተማሪ» ይሏታል። ሌላው ተማሪ ሁሉ «አስተማሪዬ» ሲላት እሳቸው የመጨረሻዋን ፊደል ይተዋሉ፤ እሷም ብትሆን «የኔ» ማለት ናትና አትወጣቸውም።

የፈለቀ ደስታ ግን አልበረከተም። እሱ ከአጋሮና ከገራ ቡና ጭኖ የሚያመጣ ሰው ነው፤ በሳምንት ውስጥ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ሲመለስ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ የሚስቱ ሳቅ ከግቢው ይቀበለዋል። ያውም ራሷን ወደ ኋላ ጥላ የምትስቀው ሳቅ። ያን ሳቅ ከእሱ ጋር የሳቀችው በሠርጋቸው ሰሞን ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳቁ ይቆማል፤ እጁን ታስታጥበዋለች፣ ምሳ ታቀርብለታለች፣ መንገድ እንዴት ነበር ትለዋለች፣ ደህና ነው ይላታል፣ በቃ። መቼም ፈለቀ ወሬ የሚያበዛ ሰው አይደለም። ስሚ፣ ውሃ አምጪ። ስሚ፣ ሸሚዜ የት ገባ። ስሟን ከጠራ ስንት ዘመኑ፤ ሁልጊዜ አጠገቡ ነበረች፣ የምትጠራበት ምክንያት አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ቀን ከሰቃ ሲመለስ መሪ እንደያዘ ትዝ ያለው ነገር ነው። ሳያገባት በፊት፣ ጎረምሳ ሳለ፣ እሱም ስሟን መጥራት አይችልም ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኛት «እ... እንደምን አደርሽ» ብሎ ላብ በላብ ይሆናል። ስሟን ገና አፉ ላይ ሲያደርገው የልቡን ለሰው ሁሉ የተናገረ ይመስለዋል። የዚህችን ሴት ስም መጥራት አቅቶት የሚንተባተብ ሰው ልቡ ውስጥ ምን እንዳለ ከፈለቀ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ዕለት መኪናውን ሊገለብጠው ምንም አልቀረውም።

ነገሩን ለቲጃኒ ነገረው። ቲጃኒ በረንዳው ላይ ካለችው የስፌት መኪና ሳይነሳ ሆዱን ይዞ ሳቀበት።

«ወላሂ ፈሌ፣ አንተ እኮ የቀናኸው በበርጩማ ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት ሳይለይ፣ ማሎ፣ ምን ነክቶህ ነው?» ሲል ቆየና ፊቱን ቀና አድርጎ አየው። «ከጠረጠርክ ደግሞ ጠይቃቸው። አንድ የማይዋሽ ፍጡር አላህ ግቢህ ድረስ አምጥቶልህ ሌት ተቀን ትብሰለሰላለህ?»

ፈለቀ ሊጠይቃቸው ወስኖ ሄደ። ኬሱማ ዘይቱኑ ሥር ቆመው ፊደል በጣታቸው አየር ላይ ይጽፋሉ። ፊት ለፊታቸው ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠይቆት፣ ያኛው ክዶ፣ እሱም ክህደቱን ይዞ ይጽናና ነበር። እነዚህ ግን አዎ ካሉ አዎ ነው። ስለ ሰርቪሷ ጣሪያ ጠይቋቸው ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ደምመላሽ ንግግሩን ጨርሶ እንደ ልማዱ መፈክር አስጀመረ፤ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» አለ፣ አዳራሹም ተቀበለ። ኬሱማ ግራ እጃቸውን እንደ ሰው አንሥተው ቆመዋል፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ደምመላሽ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቃቸው። ዝናብ የሚያፈሰውን የአዳራሹን ጣሪያ በጣታቸው እያሳዩ፣ ገና ነው አሉ። ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይታለፍ ነበር። የሊቀመንበሩን ስም አጥርተው የሰሙት ግን ያን ቀን ነበርና በትሕትና «የማንን ደም መለሱ?» ሲሉ ጠየቁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ ሰፈር የፈሰሰውን ደም የማያውቅ አልነበረም፤ የልጃቸውን ሬሳ ከመንገድ ያነሱ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ደምመላሽ ስብሰባውን በተነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬሱማን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እንግዶቹ ግን የበላይ አካል አደራ ናቸው፤ የተቀበላቸው ቤተሰብ ራሱ ካላመለከተ በቀር ማንም ሊያነሳቸው አይችልም። ፈለቀ ይህን ደንብ ሰምቶ በልቡ ያዘው።

ልቡ ውስጥ የነበረውን ወደ እግሩ ያወረደው ግን የማክሰኞው ትምህርት ነው። ያን ቀን ከአጋሮ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ ሲመጣ የሁለቱን ድምፅ ሰማና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ኬሱማ «የኔ» የሚለውን ቃል እንድታስረዳቸው እየለመኗት ነው፤ በእነሱ ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል የለም። የኔነሽ እጄ አለች፣ ልብሴ አለች፤ ቤቴ ስትል ኬሱማ አቋርጠው ቤቱ የቀበሌ መሆኑን እንደሰሙ ነገሯት። የኔነሽ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«የኔ ማለት» አለች፣ «ሲለየኝ የሚያመኝ ማለት ነው።»

ኬሱማ አሰቡበት። እስከ ዛሬ ተለይቷቸው ያመማቸው ነገር እንደሌለ፣ ስለዚህ ቃሉ ገና ለእሳቸው እንዳልሆነ ነገሯት። የኔነሽ፣ እንግዲያ ዕድለኛ ነዎት አለቻቸው፤ ድምፅዋ ግን እንደሚያሾፍ ሰው አልነበረም።

ፈለቀ አጥሩን ይዞ ቀረ። ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራኝ ታውቃለች? አለ። ጠይቋት እንደማያውቅ አልታሰበውም። ኬሱማ ሚስቱን አልነኩም፣ አላባበሉም፣ ስሟን እንኳ አልጠሩም፤ የሚቀናበት ነገር ቢቆጠር አንድም የሚያዝ የለውም። ይህ ራሱ አበሳጨው። የሚይዘው ነገር ቢኖር ይዞ ይጣላ ነበር።

በማግሥቱ ቀበሌ ሄደ። ደምመላሽ ወንበር ሰጠው። ፈለቀ ቤት ጠበበኝ ሊል ነበር የተዘጋጀው፤ ጠበበኝም አለ። ሊቀመንበሩ እርሳሱን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ፣ የቤት ጥበት ብቻውን ምክንያት እንደማይሆን፣ እንግዳው አብዮቱን የሚነካ ነገር ተናግረው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደሚይዝ አስረዳው። ያ ዘይቱን ዛፍ ሥር የሚሳቀው ሳቅ በፈለቀ ጆሮ ላይ መጣበት።

«ይላሉ» አለ። «መፈክሩ ሁሉ ውሸት ነው፣ አብዮቱም አይሰነብትም ይላሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አንድም ቀን አልሰማም። ኬሱማ ስለ አብዮቱ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ፈለቀ ግን አንዴ ሳይደናቀፍ ተናገረው፤ ጉሮሮው ምንም አልሆነም። ሊቀመንበሩ ስሙ እንደማይነሳ ቃል ገባለት፤ ንቁ ጓድ ነህ ብሎም እስከ በሩ ሸኘው።

ትእዛዙ ለመምጣት አልዘገየም። ኬሱማ ገራ ጫካ ውስጥ ወደተከለለው ጣቢያ እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ እዚያ የገባ እንግዳ እንደማይወጣ፣ ጠያቂም እንደማይገባ የታወቀ ነው። ወሬውን ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ ሲነግራቸው ኬሱማ ዘይቱኑ ሥር ቆመው ሰሙ። የኔነሽ ማን አመለከተ ብላ ባሏን ጠየቀችው። የበላይ ትእዛዝ ነው አላት። ወደ ገራ የሚሄድ መኪና ሲፈለግ ደግሞ ያው የእሱ ሆነ። ፈለቀ በዚህ አልከፋውም፤ በገዛ እጁ ወስዶ ማራገፉ እንዲያውም የሚያሳርፈው መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የኔነሽ ለኬሱማ ሎሚ በከረጢት አዘጋጀች። ዓይኗ አብጧል። ፈለቀ ከአጥሩ ውጭ ጎማ መፍቻውን ይዞ የኋላ ጎማውን ያጠብቃል። መፍቻው እጁ ላይ እንዳለ ያ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከግቢው መጣ።

«የኔ ነሽ» አሉ ኬሱማ።

ሁለት ቃል አድርገው፣ መሃሉን ለይተው ነው ያሉት። ለድመት እንኳ እርስዎ የሚሉት ሰው «ነሽ» አሉ። ድምፃቸው አልተዘጋም፣ ደረታቸው ጥርቅም አላለም። የኔነሽ የያዘችው ጣሳ ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ፈለቀ የጠበቀውን ጎማ እንደገና አጠበቀው። እነዚህ ያልሆነ አይናገሩም። ያልሆነ አይናገሩም እያለ፣ ጥርሱን እንደነከሰ መሪው ላይ ወጣ።

ኬሱማ ጋቢና ውስጥ ስለማይቀመጡ ከኋላ የብረቱን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። ፈለቀ አጋሮ እስኪያልፍ በስፖኪዮ እያያቸው ነዳ። ጉድጓድ ሲያገኝ አልራራላቸውም፤ እየፈለገ የገባበትም አለ። አጋሮን አልፈው የገራ ዳገት ሲጀመር ራዲያተሩ ፈላ። አንድ ወንዝ ዳር አቆመ፤ ኬሱማም ወርደው ሁለት እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ያን ጊዜ ፈለቀ ያን ሁሉ ወር መጠየቅ የፈራውን ጠየቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እውነት የሆነው?»

«ምኑ?»

«ዛሬ ጠዋት ያሏት።»

«ከትናንት ጀምሮ» አሉ ኬሱማ። «ሊቀመንበሩ እንደምሄድ ሲነግሩኝ እዚህ አመመኝ።» ድምፃቸው የሚወጣበትን ቦታ በጣታቸው ነኩ። «ከዚያ በፊት እውነት አልነበረም። ሰባት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አልወጣም። ትናንት ወጣ። ትምህርቱ ስለገባኝ ደስ ብሎኛል፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም።»

ፈለቀ ውሃ የሞላውን ጣሳ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከትናንት በፊት አልነበረም። ያ ሁሉ የተቃጠለበት ክረምትና በጋ፣ ያ ሁሉ የአጥር ሥር መቆም፣ ምንም ባልነበረበት ነው። ነገሩ የተወለደው እሱ ቀበሌ ሄዶ ካመለከተ በኋላ፣ በእሱ አፍ ነው። ከእሳቸው ሚስቱን ሊያስጥል ሄዶ፣ ራሱ አስረክቧቸው መጣ።

ኬሱማ ደግሞ እሳቸውም የሚጠይቁት ነገር ነበራቸው። ሊቀመንበሩ ተናግረዋል ያላቸውን ነገር እንዳልተናገሩ፣ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ እንዳልገባቸው ነገሩት። «ለሊቀመንበሩ እንዲህ አሉ ብሎ የነገራቸውን ሰው ያውቁታል?» ሲሉ ጠየቁት።

«አላውቅም» አለ ፈለቀ።

«እሺ» አሉ ኬሱማ።

እሺ አሉት። አመኑት። አንድ ጊዜም ተጠራጥረው ዓይኑን አላዩም፤ ቃሉን እንደ ውሃው በመዳፋቸው ተቀበሉት። ፈለቀ ቢሰድቡት፣ ቢመቱት፣ አንተ ነህ ቢሉት ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለውም። ፊቱን ወደ መኪናው አዞረና ክንዱን ሞተሩ ክዳን ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኬሱማ በሦስት እግራቸው እየተጠነቀቁ ቀረቡት። ርጥብ መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አደረጉ፤ እንባው ወደ መዳፋቸው ሰረገ። ትንሽ እንደ መደነቅ አሉ። ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ገበየሁን በሚጠሩበት በዚያ በደስታ ድምፃቸው፣

«ፈለቀ» አሉ። «ፈለቀ። ስምዎ እውነት ነው።»

ገራ ጣቢያው በር ላይ ሁለት ወታደሮች ተቀበሏቸው። ኬሱማ የሎሚውን ከረጢት ይዘው ሳይዞሩ ገቡ፤ እነሱ ዘንድ ዞሮ መሰናበት የለም። ፈለቀ እዚያው አድሮ ቡናውን ጫነና በማግሥቱ ወደ ጅማ ተመለሰ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ ሲደርስ በስሟ ይጠራታል። ስሚ አይላትም። አጋሮ ሲደርስ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ሞከረው፣ «የኔነሽ» አለ፣ ወጣለት። ዝናብ በጣለበት መንገድ ላይ እየተንሸራተተም ሞከረው፤ ወጣለት። ደስ አለው። አሁን ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ጅማ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቲጃኒ በረንዳው ላይ ነበር፤ ፈለቀን ሲያይ የስፌት መኪናውን አቆመ። እንደ ልማዱ አልቀለደበትም። ስሙ አይነሳም ብሎ ቃል የገባው ሊቀመንበር ትናንት ከሰዓት መጥቶ እንደነበር፣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር በሽልማት መልክ ይዞ እንደመጣ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ፈለቀ የተናገረውን ቃል በቃል እየደገመ እንዳመሰገነው ነገረው።

«የኔነሽ ሰማች?» አለ ፈለቀ።

«ስኳሩን የተቀበለችው እሷ ናት» አለ ቲጃኒ፣ ወደ ስፌቱም ተመለሰ።

ፈለቀ ገባ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ተቀምጧል። የኔነሽ ከዘይቱኑ ሥር ያነሳችውን ጥቁር ሰሌዳ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነው። ኬሱማ የጻፏቸው ፊደሎች ግማሾቹ ጠፍተዋል። ፈለቀ ደፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የኔነሽ» አላት።

እጇ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ስንት ዘመኗ ይሆን ከዚህ ሰው አፍ ስሟን ከሰማች። ዞራ አላየችውም።

«ነኝ እንዴ?» አለችው።

ፈለቀ አዎ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው ተዘጋ። የኔነሽ ጥቂት ጠበቀችው፣ ከዚያ ሰሌዳዋን መጥረጓን ቀጠለች።